መኪና ስንገዛ ተኝተን እንየው

በአገራችን ያገለገለ መኪና ለመግዛት የሚነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስሸጠው ስንት ያወጣልኛል?» ብሎ ነው። ሞተሩ በሁለተኛ፣ ፍሬኑ በሦስተኛ ደረጃ ይጠየቃል፤ «በውስጡ የሚሳፈረው ሰው እንደምን ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ዋጋው ይቈረጣል። ከዚህም የተነሣ መኪና የምንገዛው ለራሳችን ሳይሆን ከእኛ በኋላ ለሚገዛው፣ ገና መልኩን እንኳ ላላየነው ሰው ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። እርሱ እንዳይጠላው ብለን ነጩን ቀለም እንመርጣለን፤ እርሱ አዲስ ሆኖ እንዲያገኘው ብለን የወንበሩን ላስቲክ ሳናወልቅ በሙቀት ስንጠበስ እንከርማለን፤ እርሱ እንዳይቀየመን ብለን አንዲት ምስማር ሳንመታበት እንኖራለን። ያ ሰው በመጣ ጊዜ ደግሞ እርሱም በተራው ለሌላ ሰው ያስባል።

ይህን ነገር እንድናስብ ያደረገን የራሳችን ግዢ ነው። በፉሪ የምንኖር ሰባት ጎረቤታሞች ዓመት ተኩል እቁብ ስንጥል ቈይተን፣ የደረሰንን አዋጥተን፣ በውስጡ ተኝቶ ለማደር የሚመች አንድ አሮጌ መኪና ፍለጋ ወጣን። ይህን የሰማ ሁሉ ፈገግ ማለቱ አልቀረም። «ምነው፣ የቤት ኪራይ ከበዳችሁ?» ያሉንም አሉ። ገሚሶቻችን ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ብዙ ስላልቈየን ጥያቄው ጨርሶ ቀልድ አለመሆኑን እናውቀዋለን፤ የሆነ ሆኖ ያሰብነው ለሌላ ነገር ነው።

በሰፈራችን ሁላችንም እማማ የምንላቸው አንዲት ባልቴት አሉ። ከብዙ ዓመት በፊት ልጃቸው ታሞ በዳነ ጊዜ ለቁሉቢ ገብርኤል ተስለው ነበርና፣ ታኅሣሥ 19 ቀን ቁሉቢ ሳይደርሱ ከቀሩ ዓመቱ ዓመት አይመስላቸውም። ከአዲስ አበባ እስከ ቁሉቢ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከተማይቱ ትንሽ ናት፤ የበዓሉ እንግዳ ግን ስፍር ቁጥር የለውም፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ይመጣል፤ በዚያ ሰሞን አልጋ ማግኘት የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ሕዝቡ ከፊሉ በድንኳን፣ ከፊሉ በላስቲክ ሥር፣ ከፊሉም በመጣበት መኪና ውስጥ ያድራል። ለገና ወደ ላሊበላ፣ ለመስከረም 21 ቀንም ወደ ግሸን ማርያም የሚጓዘው ምእመን እንዲሁ ነው። በውጭ አገር ሰዎች በመኪናቸው ውስጥ ማደርን የዕረፍት ጊዜ መዝናኛ አድርገውታል ሲባል የሚገረም ሰው፣ የእኛ ሕዝብ ይህንኑ ሲያደርግ ስንት ዘመን እንደ ሆነው ልብ ብሎ አላየም ማለት ነው። ልዩነቱ እነርሱ ስለ መኝታው አስቀድመው አስበው መግዛታቸው፣ እኛ ደግሞ በወንበር ላይ ቁጭ ብለን ማንጋታችን ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ከእማማ ጋር የተጓዝነው በኪራይ ሚኒባስ ነበር። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ በከተማ ሲሠራ ውሎ ማታ በሦስት ሰዓት ጫነን። ሌሊቱን ስንጓዝ ቈይተን፣ መተሐራ ከመድረሳችን በፊት ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከመንገዱ ግራና ቀኝ በተደፋበት ስፍራ ላይ መኪናው ቀስ እያለ ወደ ግራ መሄድ ጀመረ። ጋቢና የተቀመጠው ጓደኛችን መሪውን ባይይዝ ኖሮ ይህን ጽሑፍ የሚጽፍ አይገኝም ነበር። ሾፌሩ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። በዚያች ሰዓት ሁላችንም ጮኽንበት፤ በኋላ ግን ስናስበው ከጎሕ መቅደድ ጀምሮ መሪ ይዞ የዋለን ሰው ሌሊቱንም ንዳልን ያልነው እኛው ነን። ደክሞታል ብለን እንኳ ዳር አቁመን እናስተኛው ብንል የሚተኛበት ቦታ አልነበረም፤ በመኪናው ውስጥ ዐሥራ አራት ሰውና ዐሥራ አራት ስንቅ ነበረበት። ቁሉቢ ከደረስንም በኋላ ሁለት ሌሊት በወንበር ላይ ተቀምጠው በማደራቸው የእማማ እግር እንደ እንስራ አበጠ። ታቦቱ ሲወጣ ቆመው ማየት አቅቷቸው በመኪናው መስኮት እያዩ አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት አልሄዱም። «እግሬን የምዘረጋበት ካላገኘሁ ገብርኤልም ያውቅልኛል» ይላሉ፤ ይህን ሲሉ ግን ፊታቸውን ወደ ሌላ ያዞራሉ።

«ባቡር በደጃችሁ አለላችሁ አይደለም ወይ?» የሚለን አንባቢ ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባና የጅቡቲ ባቡር መነሻ ጣቢያው ፉሪ ለቡ ስለሆነ ለእኛ ከታክሲ ተራ ብዙ አይርቀንም። ባቡሩ ግን የሚሄደው በቈላው በኩል ወደ ድሬ ዳዋ ነው፤ ቁሉቢ ደግሞ በደጋው ተራራ ላይ ናት። ከድሬ ዳዋ ወዲያ እንደ ገና መኪና መፈለግ፣ ከዚያም በኋላ የማደሪያው ጥያቄ እንዳለ መቈየቱ የታወቀ ነው።

በመሠረቱ መኪና ወደዚች ከተማ የገባውም በመንገድ እያደረ ነው። ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የምትባል ኦቶሞቢል ለዐፄ ምኒልክ ይዞ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ የደረሰው በ1900 ዓ.ም. ነው። ለተሽከርካሪ የተሠራ መንገድ ስላልነበረ ጉዞው ወራት ፈጀ፤ ታሪኩንም ክሊፎርድ ሃሌ የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1913 በመጽሐፍ አውጥቶታል። ከዚያም በፊት ቢሆን አገራችን በድንኳን የኖረች አገር ናት። ዛሬ «ሰፈር» የምንለው ቃል ራሱ ሠራዊትና መኳንንት ከሰፈሩበት ቦታ የመጣ ነው፤ የአዲስ አበባም ብዙዎቹ ሰፈሮች የተመሠረቱት እንዲህ ድንኳን በተተከለበት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «በመኪና ውስጥ ማደር የእኛ ባህል አይደለም» ቢለን የአያቶቹን ጓዝ ረስቶታል እንላለን።

አሁን ወደ ገበያው እንግባ።

በሌላው አገር አሮጌ መኪና ርካሽ ነው፤ ለማደሪያ የሚፈልገውም ሰው ሳይሳሳ ቈርጦ ይቀጥለዋል። በእኛ ዘንድ ነገሩ የተገለበጠ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ የመኪናው ዕድሜ በገፋ ቍጥር ቀረጡ እንዲከብድ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ መከልከሉ ተገለጠ። ለአየሩና ለውጭ ምንዛሪው የሚሰጠው ጥቅም ግልጽ ሆኖ፣ ውጤቱ ግን በአገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና እንደ አሮጌ መሬት እየተወደደ መሄዱ ነው። ዋጋውን እዚህ አንጽፍም፤ ጋዜጣው ታትሞ አንባቢ እጅ እስኪገባ ድረስ ይለወጣልና። የኤሌክትሪክ መኪና ጭስ የሌለው በመሆኑ ለመኝታ እጅግ የሚስማማ ነው፤ ነገር ግን በሩቅ መንገድ ኃይል መሙያው እንደ ከተማው በቀላሉ ስለማይገኝ ለጊዜው አቈየነው።

የመጀመሪያው ያየነው ሃርድ ቶፕ ላንድ ክሩዘር ነበር። በጨረታ ተገዝቶ ከሁለት እጅ ያለፈ ነው። ስለ ሞተሩ ክፉ መናገር አንችልም፤ ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ናፍጣ ነው፤ ይህን ሞተር የማያውቅ የገጠር መካኒክ የለም። ከኋላ ግራና ቀኝ ያሉት አግዳሚ ወንበሮች ቢነሡ ሁለት ሰው ዘርጋ ብሎ ይተኛበታል። ደላላው ኮፈኑን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ «ወንድሞቼ፣ ይኼ መኪና አይደለም፤ ባንክ ነው!» አለን። እኛም ባንኩን ለማየት እማማን ጠራናቸው። የኋላው በር ደረጃ ከጉልበታቸው በላይ ሆነ። አንድ እግራቸውን አንሥተው ሞከሩና አወረዱት፤ እንደ ገና ሞከሩና «እናንተ ልጆች፣ ይኼ የፈረሰኛ ነው» ብለው ወደ ጥላው ሄዱ። ባንኩ በዚያው ተዘጋ።

ሁለተኛው ባለ አምስት ወንበር፣ አጭር፣ የሚያብረቀርቅ ባለ አራት ጎማ መሪ መኪና ነበር። ወንበሩ ሲታጠፍ ወለሉ ሜዳ ሳይሆን ደረጃ ሆነ፤ ከመካከላችን ረጅሙ ሲጋደምበት ጉልበቱ አገጩን ነካ። ማብረቅረቁም አጠራጥሮን በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት በበሩ ላይ ብናስኬደው እመካከሉ ላይ አልይዝ አለ። ቀለሙ ሥር ያለው ቆርቆሮ ሳይሆን ስቱኮ ነው። ሻጩ ምንም አልመሰለውም።

በዚህ መካከል ሌሎችንም በሐሳብ አሰናብተናል። ባለ ሁለት ጋቢና ፒክ አፕ ያማረ ነው፤ ነገር ግን የጭነቱ ሣጥን ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ፣ ሸራ ቢደረግበትም እግር ውጭ ያድራል። አሮጌው ላንድ ሮቨር ስሙ የታፈረ ነው፤ ቆዳው አሉሚኒየም ስለሆነ አይዝግም፤ ዝናብ በመጣ ጊዜ ግን ከውስጥና ከውጭ ያለውን ልዩነት ለማወቅ ያስቸግራል። የአይሱዙ ቅጥቅጥ ቢሆን ሰው ቆሞ ሱሪውን የሚለብስበት ቤት ነው፤ ለሰባት ሰው እቁብ ግን ጎማው ብቻ ያጠፋናል።

ሦስተኛው ለሰባት ዓመት ተማሪ ሲያመላልስ የኖረ ሃይኤስ ነበር። አባዱላ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ዓይነት ሳይሆን ከእርሱ የሚቀድመው፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ብቅ ያለው ነው። መልኩ የሚያኮራ አይደለም። በወንበሮቹ ጀርባ ላይ የሕፃናት ስምና የአንድ መምህር ሥዕል በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። ሻጩ ሞተሩን ሊያስነሣ ሲል «ቈይ፣ መጀመሪያ እንተኛበት» አልነው። ደላላው ሣቀ፤ ሣቁንም ማንም አልከለከለውም። ሁለቱን የኋላ ወንበሮች አስፈትተን፣ ምንጣፍ አንጥፈን፣ በየተራ ተጋደምን።

እንግዲህ ልምዳችንን ለአንባቢ የምናካፍለው እዚህ ላይ ነው። መኪናን ተቀምጦ ማየትና ተኝቶ ማየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ተቀምጠን ሰፊ የመሰለን ሁሉ ስንተኛ ጠበበ። የዚህ ዓይነቱ መኪና የውጭ ስፋቱ 1 ሜትር ከ70 ገደማ ነው፤ የበሩና የግድግዳው ውፍረት ሲቀነስ ውስጡ ከዚያ ስለሚያንስ፣ መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው እንኳ በአግድም አይተኛበትም። ስለዚህ አልጋው መዘርጋት ያለበት በቁመቱ ነው፤ ጭንቅላት ወደ ኋላ፣ እግር ወደ ጋቢና። የጎማዎቹ ጉብታ ከሁለቱም ወገን ወለሉን ስለሚያጠብበው፣ ፍራሹን ወለል ላይ ከመጣል ከጉብታው ከፍ ያለ የእንጨት አልጋ ማድረግ ይሻላል፤ ሥሩም ለስንቅ፣ ለክሪክና ለውኃ ጀሪካን ይሆናል። አልጋው ግን ሲበዛ ከፍ ካለ ቁጭ ያለ ሰው ጣራው ራሱን ይመታዋል። እኛ የለካነው በእማማ ቁመት ነው፤ እርሳቸው ቁጭ ብለው ነጠላቸውን ሲያጣፉ እጃቸው ጣራ ሳይነካ መቅረት አለበት አልን። ሞተሩ ከጋቢናው ወንበር ሥር ስለሆነ ደግሞ ጋቢናው ለመኝታ አይመችም፤ ጉብታ አለበት፤ በአዋሽ ሙቀትም ሾፌሩን ከታች ይጠብሰዋል።

እማማ በመጨረሻ ገቡ። የሚንሸራተተው በር ሰፊ ነው፤ ደረጃውም እንደዚያኛው ከፍ ያለ አልነበረም። በጎናቸው ተጋደሙ፤ ዝም አሉ። ቈይተው ቈይተው «ጉልበቴ ተዘረጋ» አሉ። ደላላው ከዚያ በኋላ አልሣቀም፤ እንዲያውም ጫማቸውን ያቀበላቸው እርሱ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሌላው ገዢ ሁሉ የሚያደርገው ምርመራ ስለሆነ በአጭሩ እናልፈዋለን። ሞተሩን ጧት ቀዝቅዞ እንዳለ አስነሣነው፤ ሞቆ የቈየ ሞተር ብዙ ጉድ ይሸፍናልና። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መብላቱን ያሳያል፤ የእኛው ጥቂት ጥቍር ጭስ አውጥቶ ተወው። ካምቢዮውን፣ ፍሪሲዮኑን፣ ባሌስትራውን መካኒክ አየልን። የሞተሩንና የሻንሲውን ቍጥር ከሊብሬው ጋር አመሳከርን፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለበትም አስጠየቅን። ከቀረጥ ነጻ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ስም እንደማይዛወር ሳያውቁ ገዝተው የሚያለቅሱ ሰዎች አይተናልና ይህ አይዘንጋ። ለመኝታ የሚገዛ ሰው ግን ሌላው ገዢ የማያደርጋቸው ሁለት ፈተናዎች አሉት። አንደኛው ጣራው ላይ ሁለት ባልዲ ውኃ ማፍሰስና ውስጥ ገብቶ መጠበቅ ነው። እኛ ስናፈስስ ፖርቶ መጋላው ከጣራው ጋር በተያያዘበት በኩል ጠብ ጠብ አለ፤ በዚህም ከዋጋው ላይ አስቀነስን። ሁለተኛው በሮቹን ዘግቶ ሩብ ሰዓት ዝም ብሎ መቀመጥና ማሽተት ነው። ቆሞ እያለ ናፍጣ ወይም ጭስ የሚሸት መኪና ከሆነ፣ የሚያምር አልጋ ቢሠራበትም ሰው ሊያድርበት አይገባም።

ስለዚህ ስለ ጭሱ ጥቂት እንቈይ፤ ምክንያቱም በዚህ ነገር ሕይወት ይጠፋል። በአገራችን በብርድ ሌሊት ከሰል አያይዘው ቤት ዘግተው የተኙ ሰዎች በማግሥቱ ሞተው ተገኙ ሲባል መስማት እንግዳ ነገር አይደለም። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም። ደም ኦክስጂን የሚሸከምበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል፤ ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ ደክሞኝ ነው ብሎ ይተኛል። ቤት ውስጥ የሚገድል ማንደጃ በመኪና ውስጥ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚገድል አንባቢ ራሱ ይገምተው። ሞተር አስነሥቶ ለመሞቅ መተኛትም ያው ነው፤ በተለይ ማርሚታው የተቀደደ እንደ ሆነ። በበዓል ሰሞን ግን ቡና ሳይፈላ አይታደርም፤ ከሰሉም ሲያልቅ «ሙቀቱ ይጠቅመናል» ብሎ ማንደጃውን ወደ ውስጥ የሚያስገባ አይጠፋም። እኛ ማንደጃው በምንም ምክንያት የመኪናውን ደረጃ እንዳያልፍ ተማምለናል። ለብርዱ ቡልኮ አለ፤ ጋቢ አለ። መስኮቱም ከሁለት ወገን ጣት የሚያስገባ ያህል ክፍት ያድራል።

ከመካከላችን አንዱ፣ የሒሳብ አያያዝ የተማረ ጓደኛችን፣ እስከ መጨረሻው ድረስ ላንድ ክሩዘሩ ይገዛ ሲል ተከራክሯል። ክርክሩን በትክክል መጻፍ ይገባናል። «ብር በእጃችን ላይ እየቀለጠ ነው፤ እንደ እኛ ያለ ጀማሪ ሠራተኛ ገንዘቡን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ ቤት አይገዛም፣ መሬት አይገዛም። ዋጋው የማይወርድ አንድ ነገር ቢኖር ያ መኪና ነው። ለአሮጊቷ ደረጃ ይሠራል፤ ለወደቀ ገንዘብ ግን ደረጃ አይሠራለትም» አለን። ይህ የስግብግብ ሰው ንግግር አይደለም። ተጨንቆ የተናገረው ነው፤ ሌሎቻችንም ሌሊት እያነሣን የምንጥለው ሐሳብ ነው። የመለስንለት እንዲህ ብለን ነው፤ ላንድ ክሩዘሩን ብንገዛ ዋጋውን በመፍራት የገጠር መንገድ አናስገባውም፤ ጭቃ እንዳይነካው በጊቢ አጥር ውስጥ ሸራ አልብሰነው እየጠበቅነው እንኖራለን፤ እማማም ከሸራው አጠገብ ቁጭ ብለው ሦስተኛውን ታኅሣሥ ያሳልፋሉ። ድምፅ ተሰጠና አምስት ለሁለት ሆነ። ሁለተኛው ተቃዋሚ ማን እንደ ሆነ እስካሁን አልታወቀም።

ስለ አልጋው ደግሞ ከፉሪ አናጢ ጋር ሁለት ቀን ተነጋግረናል። የወንበር ቍጥርና የቦዲ ለውጥ በዓመታዊው ምርመራ ጊዜ ጥያቄ የሚያስነሣ ስለሆነ፣ ተፈትቶ የሚወጣና ተመልሶ የሚገባ አልጋ ነው ያሠራነው። ይህም የእኛ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1951 ቬስትፋሊያ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ ለቮልክስዋገን ኮምቢ የሠራው የመጀመሪያው የመኝታ ዕቃ የሚወጣና የሚገባ ሣጥን ነበር፤ መኪናው በአዘቦት ቀን ሥራ ይሠራል፣ በዕረፍት ቀን ቤት ይሆናል። የእኛውም ሰኞ ጧት ወንበሩ ተመልሶ ሰው ያሳፍራል።

ባለፈው ቅዳሜ ለሙከራ ወደ ሱባ ሄድን። የመናገሻ ሱባ ደን በወጨጫ ተራራ ጥግ ላይ ስለሆነ ከፉሪ በሰበታ በኩል ሩቅ አይደለም፤ ጥዶቹም በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን ዘራቸው ከወፍ ዋሻ መጥቶ እንደ ተተከሉ ይነገራል። ጠባቂዎቹን አስፈቅደን ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ቦታ ያዝን። እማማ በአልጋው ላይ፣ ሁለቶቻችን በጎናቸው፣ የቀሩት በድንኳን ሆነን አደርን። ስሕተታችን ብዙ ነበር። መኪናውን ያቆምነው አፍንጫው ወደ ዳገት ሆኖ ስለ ነበረ ሌሊቱን ሙሉ ደማችን ወደ ራሳችን ሲወርድ አደረ፤ ጧት አዙረን ብናቆመው ኖሮ ያ ሁሉ እንደማይደርስብን ገባን። መስኮቱ ቢከፈትም የትንፋሻችን ጤዛ በጣራው ላይ ተንጠልጥሎ አንጋጣችን ላይ ተንጠባጠበ፤ ጣራውን ከውስጥ በጨርቅ ማልበስ ሊኖርብን ነው። የሚንሸራተተው በር ሲከፈት እንደ አህያ ስለሚጮኽ ማንም ለሽንት ሲወጣ ሁሉም ይነቃል፤ ሐዲዱን በግራሶ አሸነዋል፣ ገና አልተወም።

እማማ ግን ከሁላችንም በኋላ፣ ፀሐይ ዛፎቹን አልፋ መኪናውን ካሞቀችው በኋላ ነቁ። እግራቸውን ዐየን፤ አላበጠም። ወርደው ወንዙ ድረስ ሄደው ፊታቸውን ታጥበው ሲመለሱ «ደረጃውን ግን አንድ ክንድ ዝቅ አድርጉት፤ ለእኔ ብቻ አይደለም፤ በቁሉቢ ብዙ አሮጊት አለ፣ እግሯን ልታሳርፍ የምትገባ አትጠፋም» አሉ። ይህን አላሰብነውም ነበር። ሰኞ ወደ ብረት በያጁ ሄደን ታጥፎ የሚገባ ደረጃ አዘዝን፤ ለማክሰኞ ሳምንት ቀጥሮናል።